ማልከም ኤክስና የኖርፎክ ወህኒ ቤት መጻሕፍት

ስለ ማልከም ኤክስ በመካከላችን ብዙ ይወራል። ንግግሩን የሚያደንቅ አለ፤ ቁጣውን የሚፈራ አለ፤ ስሙን ብቻ ይዞ ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ የሚከራከር ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን መድረክ ላይ ቆሞ ዓለምን ያነጋገረውን ሰው አይደለም። ከሃያ ዓመቱ እስከ ሃያ ሰባት ዓመቱ ድረስ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ወህኒ ቤቶች ውስጥ በቁጥር ይጠራ የነበረውን እስረኛ ነው። ይህንንም ያደረግነው ታሪኩን ባነበብን ጊዜ አንድ ጥያቄ አልለቅ ስላለን ነው። ይኸውም፣ መንግሥት ለታሰረ ሰው መጽሐፍ ከፈቀደለት በኋላ፣ ሰውዬው ካነበበው ተነሥቶ የያዘውን እምነት ሊከለክለው ይችላል ወይ? የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ማልከም ሊትል የተወለደው በ1925 ዓ.ም. በግንቦት ወር በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ነው። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆኑ፣ ጥቁሮች በገዛ እግራቸው ይቁሙ እያለ ያስተምር የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነበሩ። እናቱ ሉዊዝ የግሬናዳ ደሴት ተወላጅ ናቸው። ቤተ ሰቡ ወደ ሚቺጋን ግዛት ተዛውሮ በላንሲንግ ከተማ አጠገብ ሲኖር በ1929 ቤታቸው ተቃጠለ። በ1931 ደግሞ አባትየው የከተማ ባቡር ሐዲድ ላይ ተጨፍልቀው ተገኙና ሞቱ። ባለ ሥልጣኖቹ ድንገተኛ አደጋ ነው አሉ፤ ቤተ ሰቡ ግን የነጮች እጅ አለበት ብሎ አመነ። እናትየው ብዙ ልጆች ይዘው በችግር ሲታገሉ ቆይተው በመጨረሻ አእምሯቸው ታወከ። በ1939 ወደ አእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገቡና ሃያ አራት ዓመት ያህል እዚያው ቆዩ። ልጆቹም በየሰው ቤት ተበተኑ።

ማልከም በትምህርቱ ሰነፍ አልነበረም። ነጮች በበዙበት ትምህርት ቤት የክፍሉ አለቃ ሆኖ ተመርጦ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደሚያስብ ቢጠይቀው ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው። መምህሩም ጠበቃነት ለጥቁር ልጅ የማይሆን ምኞት መሆኑን አስረድቶ አናጢነትን መከረው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ልቡ ከትምህርቱ ራቀ። ስምንተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ በ1941 በአባት ወደምትገናኘው ታላቅ እህቱ ወደ ኤላ፣ ወደ ቦስተን ሄደ።

ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ራሱም በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከበቂ በላይ ተርኮታል። ጫማ ጠረገ፤ በባቡር ላይ ምግብ ሸጠ፤ በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር ቁማርና አደንዛዥ ዕፅ አዘዋወረ፤ በመጨረሻም በቦስተን ጓደኞች አሰባስቦ የሰው ቤት መስበር ጀመረ። በጥር 1946 የሰረቀውን ሰዓት ለማሠራት ሰጥቶ ሊወስድ ሲመለስ ተያዘ። በየካቲት ወር ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ተፈረደበት። ከእነሱ ጋር የተባበሩ ነጭ ሴቶች ስለ ነበሩ ፍርዱ የከበደው በስርቆቱ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ያምን ነበር። ያም ሆነ ይህ መስረቁን አልካደም።

መጀመሪያ የገባበት የቻርልስታውን ወህኒ ቤት በ1805 የተከፈተ ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ከመሆናቸው የተነሣ እስረኛ ተኝቶ ሁለቱን ግድግዳዎች መንካት ይችል ነበር። በክፍሉ ውስጥ ውሃ የለም፤ እስረኛው የሚጸዳዳው በባልዲ ነው። ማልከም በዚያ ቤት እግዚአብሔርንና መጽሐፍ ቅዱስን ሲሳደብ ስለሚውል እስረኞቹ ሰይጣን የሚል ስም አወጡለት። ኋላ ለሃይማኖቱ ሲል ከሹማምንት ጋር የሚሟገተው ሰው አጀማመሩ እንዲህ ነበር።

በዚያ ወህኒ ቤት ቤምብሪ የተባለ በዕድሜ የገፋ ጥቁር እስረኛ ነበር። ጉልበት ሳያሳይ፣ ሳይሳደብ፣ በንግግሩ ብቻ እስረኛውንም ዘበኛውንም ጸጥ ያሰኝ ነበር። የመኪና ሰሌዳ በሚሠራበት ክፍል ሥራ ሲያበቃ ሰዎች ከበውት ይቀመጣሉ፤ እሱም ከየመጽሐፉ ያገኘውን ይነግራቸዋል። ይህ ሰው ማልከምን አእምሮ አለህ፣ ሥራበት ብሎ በግልጽ መከረው፤ በደብዳቤ የሚሰጡትን ትምህርቶችና የወህኒ ቤቱን መጻሕፍት እንዲጠቀምባቸው ነገረው። ማልከምም በደብዳቤ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ላቲን አከለበት። ስለ ቤምብሪ ብዙ የተጻፈ ነገር የለም። ነገር ግን መምህር የሚባለው ዲፕሎማ ያለው ብቻ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ሰው እንዲያስቡት እንወዳለን።

በ1947 ማልከም ወደ ኮንኮርድ ማረሚያ ቤት ተዛወረ። በ1948 ደግሞ በእህቱ በኤላ ብርቱ ጥረት ኖርፎክ ወደሚባለው ወህኒ ቤት ተላከ። ኖርፎክ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ግንብ ቢኖረውም በየክፍሉ የብረት ፍርግርግ የለም፤ ለእያንዳንዱ እስረኛ የራሱ ክፍል ነበረው። ከሃርቫርድና ከቦስተን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየመጡ ያስተምሩ ነበር። የክርክር ማኅበርም ነበረው፤ እስረኞቹ ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ይከራከራሉ። ማልከም ከዚያ ከተዛወረ በኋላ በ1951 የኖርፎክ እስረኞች የእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተከራካሪዎችን ረትተዋል። የእኛ የክርክር ክበብ አባሎች ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ፓርክኸርስት የተባለ ባለጸጋ፣ ቀድሞ የግዛቱ ሴናተር የነበረ፣ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ለወህኒ ቤቱ አበርክቶ ነበር። ስብስቡ በታሪክና በሃይማኖት ላይ ያተኮረ ነበር። መደርደሪያው ሞልቶ ያልተዘረጋው መጽሐፍ በሣጥን እንደ ታሸገ በጓዳ ተከምሮ ይገኝ ነበር። እስረኛ በፈቃድ ከመደርደሪያው መካከል ገብቶ የፈለገውን ይመርጣል። የወህኒ ቤቱ ሹማምንትም ብዙ የሚያነብን እስረኛ ይወዱት ነበር፤ ንባቡን የመታረሙ ምልክት አድርገው ይቆጥሩት ነበርና።

ችግሩ ማልከም ማንበብ አለመቻሉ ነበር። ፊደል አያውቅም ማለታችን አይደለም። መጽሐፍ ሲገልጥ ግን በያንዳንዱ መስመር ውስጥ የማያውቀው ቃል ይበዛበታል፤ እየዘለለ ቢያነብ መጨረሻው ላይ ምን እንዳነበበ አይገባውም። ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ ሊጽፍ ሲነሣም በመንገድ ላይ የተማረው ቋንቋ በወረቀት ላይ አልሆን አለው። የእጅ ጽሕፈቱ ራሱ መስመር አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ ከወህኒ ቤቱ ትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት፣ ወረቀትና እርሳስ ለምኖ ወሰደ። ሁለት ቀን ያህል ገጾቹን ሲገላልጥ ከርሞ ከየት እንደሚጀምር ቢጠፋው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከነነጥቡና ከነሰረዙ መገልበጥ ጀመረ።

አንድ ገጽ አንድ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ የጻፈውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለራሱ ደጋግሞ አነበበው። በማግሥቱ ሲነሣ ትላንት በዓለም ላይ መኖራቸውን የማያውቃቸውን ቃላት መያዙን አይቶ ደስ አለው። ያልያዘውን ተመልሶ ከለሰ፤ ሁለተኛውን ገጽ ቀጠለ። እንዲህ እያለ የመጀመሪያው ፊደል አለቀ፤ እጁም እየፈጠነ ሄዶ መዝገበ ቃላቱን እስከ መጨረሻው ገለበጠው። ከመካከላችን በየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም። ቁም ጸሓፊ ብራናውን ዘርግቶ ቃል በቃል ሲገለብጥ፣ ተማሪው ደግሞ በጩኸት ሲያስተጋባ፣ ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ ማልከም የኔታ አልነበረውም፤ ራሱን በራሱ ነው ያስቀጸለው።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ገደብ አጣ። በየሌሊቱ በአራት ሰዓት መብራት ይጠፋል። በኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት ግን በበሩ ሥር ወደ ክፍሉ ጥቂት ብርሃን ይለቅ ነበርና፣ ማልከም ወለሉ ላይ ተቀምጦ በዚያ ብርሃን ያነብ ነበር። ዘበኛው በየአንድ ሰዓቱ ይመላለሳል። ኮቴውን ሲሰማ ዘሎ አልጋው ላይ ይጋደማል፤ የተኛ ይመስላል። ዘበኛው ሲያልፍ እንደገና ለሌላ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ወለሉ ላይ ነው። እንዲህ እያለ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ይቆያል። ወህኒ ቤት ሲገባ ጤነኛ የነበረ ዓይኑ ደከመና መነጽር አደረገ። በፎቶግራፎቹ ሁሉ ላይ የምናየው መነጽር የዚያ የኮሪደር መብራት ትርፍ ነው። እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር የፈተና ጊዜ ይራዘምልን የምንል ተማሪዎች ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ያነበበው ምን ነበር? የዊል ዱራንትን የሥልጣኔ ታሪክ፣ የኤች. ጂ. ዌልስን የዓለም ታሪክ፣ የዱ ቦይስን፣ የካርተር ዉድሰንን፣ የሄሮዶቱስን፣ የካንትን፣ የሾፐንሃወርን መጻሕፍት አንብቧል። ካነበባቸው ደራሲዎች አንዱ ጄ. ኤ. ሮጀርስ ነው። ይህ ጥቁር ጸሓፊ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ወደ አገራችን መጥቶ ጦርነቱን የዘገበ ነው። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ማልከም የባርነትን ንግድ፣ የቅኝ ግዛትን አገዛዝ፣ በቻይና ላይ የተደረገውን የኦፒየም ጦርነት አገኘ። በትምህርት ቤት የጥቁሮች ታሪክ ተብሎ የተማረው በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ ነበር።

እንግዲህ ሃይማኖቱ የገባው በዚሁ መካከል ነው። ወንድሞቹና እህቶቹ አንድ በአንድ የኤላይጃ መሐመድ ማኅበር ማለት የኔሽን ኦፍ ኢስላም አባል ሆነው ነበር። መጀመሪያ ፊልበርት የተባለው ወንድሙ ስለ ሃይማኖቱ ጻፈለትና ማልከም በስድብ መለሰለት። ቀጥሎ ታናሹ ሬጂናልድ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ የአሳማ ሥጋና ሲጋራ ቢተው ከእስር ቤት የሚወጣበትን መንገድ እንደሚያሳየው ጻፈለት። ማልከም ነገሩ አንዳች ማታለያ መስሎት ሲጋራውን ጣለ። በምሳ ሰዓትም የሥጋው ሳሕን ሲዞር ሳይነካ አሳለፈው። በእኛ አገር የአሳማ ሥጋ ክርስቲያኑም እስላሙም የማይበላው ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። እዚያ ግን ጥቁር እስረኛ አሳማ አልበላም ማለቱ በወህኒ ቤቱ ሁሉ ተወራ። ማልከምም በዚህ ውስጡ ኩራት እንደ ተሰማው ኋላ ተናግሯል።

ከኤላይጃ መሐመድ ጋር መጻጻፍ ጀመረ። ሰውዬው ራሳቸው በጦርነቱ ዘመን ከውትድርና ምዝገባ ጋር በተያያዘ ክስ ሚቺጋን ውስጥ በፌዴራል ወህኒ ቤት ታስረው በ1946 የወጡ ናቸውና፣ የእስረኛ ደብዳቤ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። መልስ ሲጽፉለት አምስት ዶላር አብረው ላኩለት። ማልከም ግን ለመጸለይ አንድ ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ በፊት ጉልበቱን ያጠፈው የሰው በር ቁልፍ ለመስበር ብቻ ነበርና፣ አሁን ተንበርክኮ ምሕረት መለመን አሳፈረው። እየተንበረከከ ይነሣ ነበር። በመጨረሻ ግን ተንበርክኮ ቀረ።

እዚህ ላይ አሳባችንን በግልጽ መናገር ይገባናል። ኔሽን ኦፍ ኢስላም በዚያን ጊዜ ነጭ ሰው በተፈጥሮው ዲያብሎስ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ ትምህርት ስሕተት ነው፤ በመካከላችን ያሉት እስላሞች ጓደኞቻችንም ከቁርኣን ጋር የሚስማማ እንዳልሆነ ይነግሩናል። ነገር ግን የእምነት ነጻነት ለምንወደው እምነት ብቻ ከሆነ ምን ነጻነት አለው? የኖርፎክ ሹማምንት መጽሐፉን የሰጡት ታራሚው ጸጥ ያለ ሰው እንዲሆንላቸው ነበር። እሱ ግን ያነበበውን የባርነት ታሪክ ከወንድሞቹ ስብከት ጋር አገናዘበው፤ ታሪኩ ስብከቱን ያጸናለት መሰለው። መጽሐፉ የተፈቀደ፣ እምነቱ የተጠረጠረ ሆነ። በአንድ ራስ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ነገሮች በየትኛው አጥር ይለዩአቸዋል?

ክርክሩ በ1950 ፈነዳ። ማልከምና የእምነት ጓደኞቹ የታይፎይድ ክትባት አንወጋም አሉ፤ በመጋቢት ወር ወደ አሮጌው ቻርልስታውን ተመለሱ። ከዚያም እንደ ሃይማኖታቸው የሚበሉት ምግብ፣ ወደ መካ ዞረው የሚጸልዩበት በምሥራቅ በኩል ያለ ክፍል እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ ለእኛ አገር ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ለቦስተን ጋዜጦች ግን ትልቅ ወሬ ሆነ። አራት እስረኞች እስላም ሆነው ወደ መካ የሚመለከት ክፍል እንዳገኙ በሚያዝያ ወር ጻፉ። የጋዜጦቹ አጻጻፍ ግማሹ መገረም ግማሹ ፌዝ ነበር። ማልከም ግን አልሣቀም። ለወህኒ ቤቶች ኮሚሽነር በደብዳቤ አቤቱታ አቀረበ፤ የሌላ ሃይማኖት እስረኞች የሚያገኙትን መብት እኛም ልናገኝ ይገባል አለ። አቤቱታውን ስናየው፣ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ለወንድሙ አንድ የረባ መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ነሐሴ 7 ቀን 1952 በአመክሮ ተፈታ። ሊትል የሚለውን ስም የባርነት ዘመን ጌቶች የለጠፉት ነው ብሎ ትቶ ኤክስ ተባለ። በ1954 በሃርለም የቁጥር 7 መስጊድ መሪ ሆነ። የማኅበሩ አባሎች በየወህኒ ቤቱ እየበዙ ሄዱ፤ ሹማምንቱም ሥጋት ገባቸው። በብዙ ስፍራ የማኅበሩ ጋዜጣና መጻሕፍት ተከለከሉ፤ ቁርኣን መግዛት እንኳ ያስቀጣ ጀመር። እስረኞቹም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1961 በኒውዮርክ ግዛት የክሊንተን ወህኒ ቤት እስረኞች ቁርኣን እንዳንገዛ ተከልክለናል ብለው ያቀረቡት ክስ ሊሰማ ይገባል ተብሎ ተወሰነ። በ1962 ደግሞ የአቲካ ወህኒ ቤት እስረኞች ጉዳይ በቡፋሎ ከተማ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲታይ ማልከም ራሱ ለምስክርነት ቀረበ። ጥያቄው ይህ ማኅበር ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ጠበቃ መሆን አትችልም የተባለው ልጅ፣ አንድ ጊዜ ተከሳሽ ሆኖ የቆመበት ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሃይማኖቱን ትርጉም ለዳኛው ሲያስረዳ ዋለ።

ከሁሉም የበለጠው ውሳኔ የመጣው ከኢሊኖይ ግዛት ነው። በስቴትቪል ወህኒ ቤት የነበረው ኩፐር የተባለ እስረኛ በሃይማኖቱ ምክንያት የሃይማኖት ጽሑፍ እንዳላገኝ ተከልክያለሁ ብሎ በወህኒ ቤቱ አዛዥ በፔት ላይ ከሰሰ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች የወህኒ ቤት ሥርዓት የአዛዡ ጉዳይ ነው፣ ማኅበሩም ከሃይማኖት ይልቅ ሌላ ነገር ነው በማለት ሳይሰሙ መለሱት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 22 ቀን 1964 በጥቂት መስመሮች ውሳኔውን ሻረና ክሱ ይሰማ አለ። በኋላም ኩፐር ቁርኣን እንዲያገኝ፣ ከሃይማኖቱ መምህራን ጋርም እንዲጻጻፍ ተፈረደለት። ውሳኔው አጭር ነው፤ ከእሱ ወዲህ ግን አሜሪካን አገር የታሰረ ሰው መብቴ ተነካ ብሎ በሹማምንቱ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከስበት በር ተከፈተ።

በዚያን ጊዜ ማልከም ከኤላይጃ መሐመድ ተለይቶ ነበር። በመጋቢት 1964 ማኅበሩን ለቀቀ፤ በሚያዝያ ወር መካ ሄዶ ሐጅ አደረገ። ከየአገሩ ከመጡ፣ ቆዳቸው ነጭ ከሆነም ምእመናን ጋር ከአንድ ሳሕን በልቶ፣ ነጭ ሁሉ ዲያብሎስ ነው የሚለውን ትምህርት ተወ። ስሕተቱን ያረመው በወህኒ ቤት አዛዥ ክልከላ ሳይሆን፣ በማንበብ፣ በመጓዝና በመጸለይ ነው። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ሲዘዋወር ወደ አገራችንም መጥቶ አዲስ አበባን አይቷል።

የካቲት 21 ቀን 1965 በኒውዮርክ በኦዱቦን አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተገደለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአሌክስ ሄይሊ ጋር ያዘጋጀው የሕይወት ታሪኩ በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ፣ ከሁሉ የጎደለው መደበኛ ትምህርት መሆኑን ይናገራል። ጊዜ ቢያገኝ ትላንት ካቆመበት ተመልሶ ተማሪ ለመሆን፣ ቋንቋዎችን በተለይም አረብኛና ቻይንኛ ለማጥናት፣ ቀኑን ሙሉም ስለ ልዩ ልዩ ነገር ሲያነብ ለመዋል ይመኝ ነበር።